ከአሥሩ ሰባተኛዋ ልጄ ነበረች

አውፍ አላልኳትም። ይሄንን ስናገር የሚሰማኝ ሰው ይደነግጣል። ጎረቤት አይደለሽም ወይ፣ ሙስሊም አይደለሽም ወይ፣ እንዴት ይቅር አትያትም ይለኛል። በአፌማ ብያለሁ፤ ያ ሁሉ ሴት ባለበት ብያለሁ። ልቤ ግን ያን ቀን ከአፌ ጋር አልነበረም። ዛሬም የለም።

ከልጄ ልጀምር፤ ነገሩ ሁሉ የእሷ ነውና።

ልጄ ልቧን የታመመችው በዘጠኝ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ጉሮሮዋን ነበር ያማት። የሸዋ ሮቢት ሙቀት የታወቀ ነው፤ አቧራው ነው፣ ሙቀቱ ነው ብዬ በጨው ውሃ አስጉመጥምጬ ተውኩት። ሰነበተና ጉልበቷ አበጠ። ጉልበቷ ሲሻላት ክርኗ፣ ክርኗ ሲሻላት ቁርጭምጭሚቷ። ደብረ ብርሃን ወሰድኳት። ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። «የልቧ በር ተጎድቷል፤ በደንብ አይዘጋም» አለኝ። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ልብ በር እንዳለው ያን ቀን ሰማሁ። ጉሮሮዋን ያኔ አሳክመሽ ቢሆን ኖሮ አላለኝም፤ ግን ፊቱ ላይ አየሁት። እሱ ያላለውን እኔ ለራሴ ስንት ጊዜ ብየዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ መርፌ እየተወጋች አደገች። አባቷም ሞተና ሁለታችን ቀረን። ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቷት እንኳ አንድ ጀሪካን ውሃ ይዛ ከቧንቧው እስከ ቤት ሦስት ጊዜ ታርፋለች። እኔ ከጓሮ ሆኜ አራተኛ እንዳትጨምር እቆጥራለሁ።

ያ አገር ያዳረሰው ወረርሽኝ የመጣ ጊዜ እኔ መንገድ ዳር ማንጎና ፓፓያ እሸጥ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያልፈው አውቶቡስ እኛ ጋ ይቆማል፤ ተሳፋሪው በመስኮት እጁን ይዘረጋል፣ እኔ ማንጎ አቀብላለሁ። ያ ሁሉ እጅ በአንድ ጊዜ አስፈራኝ። ማንጎውን በሳሙና እያጠብኩ መሸጥ ጀመርኩ። አንድ ሹፌር አንዱን ገመጠና፣ «እትዬ፣ ማንጎ ነው የሸጥሽልኝ ወይስ የታጠበ ካልሲ?» ብሎ አውቶቡስ ሙሉ ሰው አሳቀብኝ። ይሳቁ። እኔ በጓሮ ገብቼ፣ ቀሚሴን ቀይሬ፣ እስከ ክርኔ ታጥቤ ነው ልጄ ያለችበት ክፍል የምገባው።

በክትትሏ ቀን ሐኪሙ ለብቻዬ ጠራኝ። «አልዋሽዎትም እናት፤ ይሄ በሽታ እሷን ከያዛት ልቧ የሚችለው አይመስለኝም። ክትባቱ ሲገባ ከመጀመሪያዎቹ ትሁን» አለኝ። ወረቀት ጽፎ ማህተም መታበት። ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልዬ ቁርአኑ ካለበት መደርደሪያ ላይ አኖርኩት።

ክትባቱ ሲገባ መጀመሪያ ሰው ሸሸው። ያመክናል ያለ አለ፣ ደም ያረጋል ያለ አለ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ ይሄኛውንም ያኛውንም እየፈራሁ የቱን እንደምፈራ እስክመርጥ ቀን አለፈ። ከዚያ በእኛ ሰፈር በአንድ ሳምንት የሁለት ሽማግሌ ጀናዛ ወጣ። በማግሥቱ ጤና ጣቢያው በር ላይ ሰው እንደ ገበያ ተሰበሰበ። ያን ጊዜ ደግሞ መድኃኒቱ ሊያልቅ ደርሷል። አንዱ ብልቃጥ ለአሥር ሰው ነው፤ ከተከፈተ የዚያኑ ቀን ማለቅ አለበት። ስለዚህ አሥር አሥር ሰው እየመዘገቡ፣ ቀን እየቆረጡ ይጠሩ ነበር።

የምትመዘግበው ጎረቤቴ ናት። አጥራችን አንድ ነው። እናቷ የሞተች ጊዜ ለለቅሶው ውሃ ስቀዳ የዋልኩት እኔ ነኝ። እትዬ ነው የምትለኝ። ወረቀቱን ስሰጣት አነበበችና፣ «ውይ እትዬ፣ ለእሷ ካልሆነ ለማን ሊሆን ነው?» አለችኝ። የልጄን ስም ስትጽፍ እስክሪብቶዋን እያየሁ ነበር። ከዚያ ቁራጭ ወረቀት ሰጠችኝ፦ ረቡዕ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት፣ ተራ ቁጥር ሰባት።

«የሚቀየር ነገር ካለ እደውልልሻለሁ» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኬን ከእጄ አልለየሁም። ስሰግድ ከፊቴ፣ ስታጠብ ከሳሙናው አጠገብ። ባትሪው እንዳይሞት መብራት በመጣ ቁጥር እሰካዋለሁ። ልጄ፣ «እማ፣ እሱን ስልክ አዝለሽው ዙሪ እንጂ» እያለች ትስቅብኛለች።

ረቡዕ ደረሰ። በባጃጅ ሄድን። ጤና ጣቢያው ግቢ ያለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ስም ይጠራ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስድስተኛዋ አሮጊት ገብታ ወጣች። ልጄ እጅጌዋን መጠቅለል ጀመረች። ሰባተኛ ተብሎ የወንድ ስም ተጠራ።

የተነሳው የመዝጋቢዋ ባል ወንድም ነው። ልብ በሉልኝ፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ በግ ተሸክሞ አቀበት የሚሮጥ ጎረምሳ ነው። አረብ አገር ሊሄድ ሲል የተከተብክበትን ካርድ አምጣ ተብሎ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እኔ አጠገብ ሲደርስ ዓይኑን ወደ ጣራው አነሳ።

መዝገቡ ጋ ሄድኩ። ንባብ ባይሮጥልኝም የልጄን ስም አውቀዋለሁ። በአንድ መስመር ተሰርዟል። ከበላዩ የእሱ ስም ተጽፏል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኳት።

«እትዬ፣ ደውለን ነበር እኮ። ስልክሽ ዝግ ነው ይላል። ሰው እንዳይጎድል ሌላ ተካን።»

ስልኩን ከጡቴ መሀል አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። «የቱ ስልክ?»

«ኔትወርክ ይሆናላ።»

«ኔትወርኩ የባልሽን ወንድም ሲያገኝ እኔን አጣኝ?»

ከኋላዬ የቆሙት ሳቁ። እሷ አልሳቀችም፣ አላፈረችምም። መዝገቡን ከድና፣ «ዛሬ አልቋል እትዬ። አዲስ ሲገባ እንደውላለን» አለችኝ። ያን ቀን ብትቀላ፣ ብታቀረቅር፣ ተሳስቻለሁ ብትል ኖሮ ምናልባት ይሄን አልናገርም ነበር። ግን ዓይኔን እያየች ነው የዋሸችኝ።

ከዚያ መመላለስ ሆነ። ማክሰኞ ነይ። ማክሰኞ ስሄድ አሥር ሰው አልሞላም። ሐሙስ ነይ። ሐሙስ ስሄድ ከዞን አልመጣም። በዚያ ፀሐይ ልጄን ቤት ጥዬ በእግሬ እመላለሳለሁ። አንዳንዴ ገና ከሩቅ ስታየኝ ጭንቅላቷን ትነቀንቃለች፤ ቃል እንኳ አታወጣብኝም።

በሁለተኛው ወር ልጄ ሳል ያዛት። ትኩሳቱ ሦስት ቀን አልወርድ አለ። ደረቷ ከውስጥ እንደሚንኳኳ ነገር ነበር። ምርመራ ደብረ ብርሃን ነው አሉኝ፤ መንገዱን አትችለውም። ያው በሽታ ይሁን ሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከንፈሯ ሲጠቁር በሚስማር የመቱኝ ያህል ቆሜ ቀረሁ። በሦስተኛው ቀን ከቀትር በኋላ አላባትና ውሃ ስጪኝ አለች። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ከአልሐምዱሊላህ ቀጥሎ ግን አፌ ላይ የመጣው የመዝጋቢዋ ስም ነበር። በአጥሩ በኩል አሻግሬ አየኋት፤ ልብስ እያሰጣች ታዜማለች።

ሐኪሙ ጋ ስደውል፣ «አሁን ያለፈችው በዕድል ነው፤ ሁለተኛ አይድገማት። ክትባቱን ምን ያዘባችሁ?» አለኝ።

መዝጋቢዋ ነፍሰ ጡር ነበረች። ዘጠነኛ ወሯ ገባ። የፊተኛው ልጇ ሞቶ ነው የተወለደው፤ እሷም ደም ፈሷት ሞት አፋፍ ደርሳ ነው የተመለሰች። ስለዚህ በጣም ትፈራለች። በእኛ አገር ልትወልድ የደረሰች ሴት ሩቅ መንገድ እንደሚሄድ ሰው ነች፤ ጎረቤቱን እየዞረች አውፍ በሉኝ ትላለች። ከዚያ ዱበርቲዎች፣ ዱዓ የሚያደርጉት ትልልቅ ሴቶች፣ ቤቷ ተሰብስበው ይመርቋታል።

እኔም ጋ መጣች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ደጄ ቆመች።

«እትዬ፣ እንግዲህ ቀኔ ደርሷል። የበደልኩሽ ካለ አውፍ በዪኝ።»

«ካለ» አለች። ሰማችሁ፣ ካለ!

«ዛሬ አልቋል» አልኳት።

«ምኑ?»

«አውፉ። ማክሰኞ ነይ።»

የቀለድኩ መስሏት ሳቅ አለች። እኔ አልሳቅኩም። ሄደች። ማክሰኞ ግን እውነትም መጣች፤ እግሯ አብጦ ጫማዋ አልገባ ብሏት የባሏን ነጠላ ጫማ አድርጋለች። እኔ ደጃፍ ላይ ማሾ እየለቀምኩ ነበር። ቀና አላልኩም።

«እትዬ፣ መጣሁ።»

«አሥር ሰው አልሞላም» አልኳት። «አውፍ አንዴ ከተከፈተ የዚያኑ ቀን ማለቅ አለበት። አሥራችሁ ስትሞሉ እደውልልሻለሁ። ስልክሽን አትዝጊ።»

ያኔ ገባት። ደጄ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ፀሐዩ አናቷ ላይ ነው። ውሃ ላቅርብላት አላልኩም። ደስ አለኝ፤ አልደብቅም። በዚያ ሁሉ ወር ደስ ያለኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ልጄ ከውስጥ ሰምታ ወጣች። ውሃ በጣሳ አቀበለቻት። እሷ ከሄደች በኋላ፣ «እማ፣ እርጉዝ ሴት እኮ ናት» አለችኝ።

«አውቃለሁ። አንቺስ የኔ ምንድን ነሽ?»

ሐሙስ ዱበርቲዎቹ ተጠሩ። እኔም ተጠራሁ፤ አጥር የምትጋራ ሴት ከቀረች ይታወቃል። ከቀትር በኋላ፣ የአስር ሶላት እንዳበቃ ሄድኩ። ቤቱ ሞልቷል፣ በሩ ተከፍቶ እንኳ ያልባል። እሷ መሀል ተቀምጣ እግሯን ዘርግታለች። ገንፎው በትልቅ ሣህን ቀርቧል። ትልቋ ዱበርቲ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ጆሯቸው ግን የእኛን የሁላችንን ያህል ነው። እጃቸውን ዘረጉ፣ ሁሉም ዘረጋ።

«አላህ በሰላም ይገላግልሽ!»

«አሚን!»

«ማህፀንሽን ያስፋው፣ ደምሽን ይሰብስበው!»

«አሚን!»

«አቅፈሽ ሳሚው!»

«አሚን!»

እኔ እጄን ጭኔ ላይ አጣጥፌ ተቀምጫለሁ። አፌን አልከፈትኩም። ከመካከል አንዲት ሴት ቂም ይዛ ከተቀመጠች ዱዓው ከጣራው አያልፍም ተብሎ ይታመናል በእኛ ዘንድ። ይሄንን እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። ዓይኗ እኔ ላይ ነው፤ ላብ ከግንባሯ ይወርዳል።

ትልቋ ዱበርቲ ምርቃቱን አቋረጡ። ጭንቅላታቸውን ወደ እኔ በኩል ዘንበል አደረጉ። «አንድ አሚን ጎድሎኛል» አሉ። «የማን ነው?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«የኔ ነው» አልኩ።

«ምን ይዘሽባታል?»

ነገርኳቸው። ከጉሮሮዋ ጀምሬ ነገርኳቸው። የሐኪሙን ወረቀት፣ ሰባተኛውን ቁጥር፣ የተሰረዘውን ስም፣ ስልኩን፣ ሦስቱን የትኩሳት ቀን። በር አጠገብ የነበረች አንዲት ሴት፣ «ኧረ እሷ፣ የምትወልድ ሴት ላይ እንዲህ ይባላል? ጊዜ አጣሽ?» አለች።

«አዎ፣ ጊዜ አጣሁ» አልኳት። «ቀጠሮ የሚሰጠኝ ጠፍቶ።»

አንዷ ፍልቅ ብላ ሳቀችና አፏን በሻሽዋ ያዘች። ትልቋ ዱበርቲ ወደ መዝጋቢዋ ዞሩ። «እውነት ነው ልጄ?»

እሷ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ዝቅ አለች። «ባሌ ነው ያለኝ። ወንድሜ ቪዛው ሊቃጠልበት ነው አለኝ። አልደወልኩላትም። ዋሽቻታለሁ።»

በቃ፤ ያቺን ቃል ነበር የፈለግኩት። ያገኘኋት ጊዜ ግን አላጠገበችኝም። ቃሉ ልጄ ክንድ ውስጥ አይገባም።

«አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ።

«የልጄን ተራ።»

መዝጋቢዋ ቀና አለች። «ነገ አንድ ብልቃጥ ይከፈታል። አሥሩም ተመዝግቦ አልቋል። ግን… አስገባታለሁ። ወላሂ አስገባታለሁ።»

ትልቋ ዱበርቲ እጃቸውን እንደዘረጉ ቆዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ጠየቁ፦ «በማን ተራ?»

ሴቶቹ ሁሉ እኔን ያያሉ። እኔ እጄን ዘረጋሁ።

«አሚን» አልኩ። «አውፍ ብያታለሁ። አሚን።»

በማግሥቱ ጠዋት ልጄን ይዤ ሄድኩ። የልጄ ስም አምስተኛ ላይ ተጠራ። ነርሷ መርፌውን ስትወጋት ልጄ ዓይኗን ጨፈነች፣ እኔ ግን አልጨፈንኩም፤ ፈሳሹ እስከ መጨረሻው ሲገባ አየሁ። ነርሷ ክንዷን እንዳታሸው ነግራን፣ ለሩብ ሰዓት ዛፉ ሥር ተቀምጣችሁ ትቆያላችሁ አለችን።

ዛፉ ሥር ሽርጥ የለበሱ፣ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሀል ያቆሙ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ቦታ ለቀቁልን።

«ልጅሽ ናት?»

«አዎ አባባ።»

«ምን ሆና ነው እንዲህ ቀጫጫ?»

«ልቧን ያማታል።»

«አላህ ያሽርልሽ» አሉ። እጃቸውን አንስተው ሊመርቋት ፈለጉ፣ በሽታውን አስበው መልሰው አወረዱ። «እኔ ደግሞ ስኳር ነው። ከገጠር ነው የመጣሁ፤ ጎህ ሳይቀድ ነው የተነሳሁት። ዛሬ ነው ብለውኝ ነበር። አሁን አልቋል አሉኝ።» ከኪሳቸው ቁራጭ ወረቀት አወጡ። «ያቺ እርጉዟ አዲስ ቀጠሮ ጽፌልዎታለሁ ብላኛለች። እኔ አላነብም። መቼ እንደሚል እስቲ እይልኝ።»

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ተራ ቁጥር አምስት ተሰርዟል። ቀን የለበትም። «እንደውላለን» ነው የሚለው።

«ሊደውሉልዎት ነው አባባ።»

«በምን? ስልክ የለኝም እኮ።»

ልጄ አየችኝ። ወረቀቱን አጥፌ መለስኩላቸው። ተነስቼ፣ ገብቼ፣ ጠረጴዛውን መትቼ፣ ለእኚህ ሰው ቀን ጻፊላቸው ማለት እችል ነበር። ያን ግቢ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ በየትኛው በር እንደሚጮህ አውቃለሁ። ግን ብጮህ ደግሞ ይቺስ ልጅ በማን ተራ ገባች ይባልብኛል ብዬ ፈራሁ። ሁለተኛ መርፌ አለ፣ ስሟን እንዳይሰርዙት ፈራሁ። «አላህ ያውቃል አባባ» ብያቸው ሩብ ሰዓቱ ሳይሞላ ልጄን አስነሳሁ።

ባጃጁ ውስጥ፣ «እማ፣ የእሳቸው ነበር?» አለችኝ።

«ክንድሽን አትነካኪ» አልኳት።

መዝጋቢዋ በሳምንቱ በሰላም ተገላገለች። ወንድ ልጅ ነው፣ ጤነኛ ነው። እልል ብያለሁ፤ ገንፎም በልቻለሁ። አሁን በአጥሩ ቀዳዳ እየገባ ጓሮዬ ውስጥ ይጫወታል፣ ማንጎ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ምን አደረገኝ። ልጄም ሁለተኛውን ወስዳለች፣ አለችልኝ። እናቱ በመንገድ ስታገኘኝ፣ «እትዬ፣ ያ ነገር አልፏል አይደል?» ትለኛለች። «ምን ነገር?» እላታለሁ። ሌት ተቀን እንድትጠራጠር ነው የምፈልገው።

ሽማግሌውን ዳግመኛ አላየኋቸውም። ከየትኛው ቀበሌ እንደመጡ ሳልጠይቃቸው ነው የተለየኋቸው፤ ሆን ብዬ ነው ያልጠየቅኩት። በገበያ ቀን ሽርጥና ዱላ ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ። ከተራቸው ያስነሳኋቸው እኔ ነኝ፤ ይሄንን ለማንም አላላክክም። በቂያማ፣ በፍርዱ ቀን አንገቴን ይዘው ሐቄን ቢሉኝ የምመልሰው የለኝም። ነገር ግን ተራ መዝረፍን ማን አስተማረኝ? በልጄ ልብ ማን አስገደደኝ? መዝጋቢዋም ትጠራ። ያን ቀን እዚያ አደባባይ ላይ ቀሚሷን ጨብጬ ነው የምቆመው፤ ለብቻዬ አልጠየቅም።